አለነ የነቀለው ችካል

ከድብ ባሕር ተነስቶ ወደ ሊማሊሞ የሚወጣ ሰው፣ መንገዱ መጀመሪያ ከሚታጠፍበት ቦታ በታች አንድ ማሳ ያያል። ሸጋ ማሳ ነው፤ አፈሩ ጥቁር፣ ተዳፋቱ ልከኛ፣ ውሃ የማይተኛበት። አንዱ ጥግ ግን አይታረስም። ሰንበሌጡ የሰው ቁመት አክሎ ቆሞበታል፣ ዙሪያውንም በኖራ የተቀባ ችካል ተተክሎበታል። የአገሩ ሰው «የአለነ ጥግ» ይለዋል። ከብት ሲጠጋው በወንጭፍ ይመለሳል እንጂ ማንም ገብቶ አይነዳም።

ክረምት በወጣ ቁጥር የበሰበሰውን ችካል የሚተካው፣ ኖራውንም የሚቀባው አለነ ራሱ ነበር። እጁ ችካል የለመደው ግን በመትከል አልነበረም፤ በመንቀል ነበር።

ነገሩ የሆነው በ1934 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት ጣልያን የሊማሊሞን አናት ይዞ ተከቦ ስለነበር የመንገድ ዳር ሰው ሁሉ ሸሽቶ ነበር። አለነም ሚስቱን ታየችን ይዞ ወደ ዛሪማ፣ ወደ ዘመዶቿ ወረደ። ያን ክረምት ማሳው ጦም አደረ። ጣልያን ጎንደር ላይ እጁን ከሰጠ በኋላ አለነ ብቻውን ተመልሶ ቤቱን አየ። ክዳኑ ተነቅሎ ለማገዶ ሄዷል። በሬ የለም፤ ዘርም የለም። መንገድ የሚጠግኑ ወታደሮች ጉልበተኛ ይፈልጋሉ ሲባል ወደ ማሳው ሳይደርስ ሽቅብ ወጣ፤ ከደባርቅ በታች ባለው ገደል ላይ ድንጋይ ፈላጭ ሆኖ ገባ።

ሰዉ ወታደሮቹን «እንግሊዞች» ይላቸው ነበር። በእንግሊዝ ጦር ሥር ይሁኑ እንጂ የመጡት ከአፍሪካ ደቡብ ጫፍ ነው። አለቃቸው ቫንዚል የሚባል ሳጅን ነበር፤ አንገቱ በፀሐይ የተላጠ፣ ሲናደድ የማይጮህ ሰው። የሚያስፈራውም አለመጮሁ ነው። የማኪናው ሹፌር ሞሌፌ ግን ጥቁር ነው። የወታደር ልብስ ለብሷል፣ ጠመንጃ ግን የለውም። የያዘው ጦር ነው። የጎንደር ሰው እንዲህ ያለ ወታደር አይቶ አያውቅምና የመጀመሪያው ቀን ሠራተኛው ሁሉ ሳቀበት።

«ምነው ጃል፣ ጠመንጃህን ሚስትህ ለጠላ ሸጠችብህ?» አለው አንዱ ድንጋይ ፈላጭ።

አስተርጓሚው ከማሉዲን ይህን ሳይተረጉም ዋጠው። ከማሉዲን የጎንደር አዲስ ዓለም ሰፈር ነጋዴ ልጅ ነው፤ ድንበር ተሻግሮ ገዳሪፍ ለንግድ ሲመላለስ እንግሊዝኛ ለምዷል። ቃል እንደ ቅመም መዝኖ የሚሰጥ ሰው ነው። ለሞሌፌ ስድቡን አልነገረውም፤ ለሠራተኛው ግን በሞሌፌ አገር ገዦቹ ጥቁር ሰው ጠመንጃ እንዲይዝ እንደማይፈቅዱ፣ ጦርነት ሲልኩት እንኳ ጦር አስይዘው እንደሚልኩት አስረዳ። ሳቁ ቆመ። ጠመንጃ የሌለው ሰው ርስቱን በምን ይጠብቃል ብለው ሁሉም በየሆዳቸው አሰቡ።

አንድ ቀን ሞሌፌ ውሃ ጠምቶት እጁ የገባውን ጣሳ አንስቶ ጠጣ። ጣሳው የሳጅኑ ነበር። ሳጅኑ መጣና ጣሳውን ተቀበለው፤ የቀረውን ውሃ መሬት ላይ ደፋ፤ ከዚያ በዚያው ጣሳ ጉንጩን መታው። ሞሌፌ በቁመት ከሳጅኑ ይበልጣል። አልተንቀሳቀሰም። ወደ ማኪናው ሄዶ ሥራውን ቀጠለ። አለነ መዶሻውን እንዳነሳ ቀረ። ጣልያንን ሲፈራ ኖሯል፤ ይህ ግን ሌላ ዓይነት ፍርሃት ነበር። ያስፈራው ዱላው አልነበረም፣ የተመታው ሰው አለመገረሙ ነው።

ከዚያ ወዲህ አለነ ምሳውን ከሞሌፌ አጠገብ እየተቀመጠ ይበላ ጀመር። ከማሉዲን ከመሐል ይገባና ያነጋግራቸዋል። ሞሌፌ ስለ አገሩ የነገረው እንዲህ ነው። በጥንት ዘመን ከሆላንድ አገር በመርከብ የመጡ ሰዎች ባሕሩ ዳር ሰፈሩ። ቆይተው በበሬ የሚጎተት ጋሪ ይዘው ወደ መሐል አገር ገቡ። ከኋላቸው እንግሊዝ መጣና እነሱንም አገሩንም ልግዛ አለ። ሁለቱ ነጮች ተዋጉ፤ ሲታረቁ የተካፈሉት መሬት ግን የሁለቱም አልነበረም። የሞሌፌ አያት ማሽላ የሚዘሩበት ተዳፋት ነበራቸው። አንድ ቀን ገመድ የያዘ ነጭ መጥቶ ዙሪያውን ችካል ተከለበት። አያቱ ምንድነው ብለው ሲጠይቁ፣ እዚህ ሣር ላይ የከብት በሽታ አለ፣ ለራሳችሁ ብለን ነው፣ ከብታችሁን አርቁ አላቸው። አመኑት፤ ከብታቸውን አራቁ። በዓመቱ በችካሎቹ መሐል ሽቦ ተዘረጋ። በሌላው ዓመት የመሬቱ ጌታ ነኝ የሚል ሰው ከነጋሪው ገባ፣ አያቱም በገዛ ማሳቸው ላይ ጭሰኛ ሆኑ።

«በጠመንጃ የወሰዱብን ይመስልሃል?» አለው ሞሌፌ። «ጠመንጃው በኋላ ነው የመጣ። መጀመሪያ የመጣው ችካል ነው።»

የበጌምድር ሰው ርስቱን በቃላድ፣ በመሬት መለኪያ ገመድ፣ አያስለካም። ገመድ የወደቀበት መሬት ከአባት ወደ ልጅ መሄዱ ይቀራል ይባላል። ስለዚህ ይህ ወሬ ለአለነ እንግዳ አልሆነበትም። ዕድሜውን ሙሉ ሲፈራው የኖረውን ነገር፣ የደረሰበት ሰው አጠገቡ ተቀምጦ እየነገረው ነው። 

ቅዳሜ ሥራ ሲፈታ ታየች ከዛሪማ መጥታለች የሚል ወሬ ደረሰውና ቁልቁል ወደ ቤቱ ወረደ። በማሳው በኩል አለፈ። ከመንገዱ ቆሞ ተመለከተ። ሣሩ መሐል፣ ከዳር እስከ ዳር፣ በነጭ ቀለም የተቀባ ችካል ተደርድሯል። ጫፍ ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሯል። በመንገዱ በኩል ገመድ ተወጥሯል።

ከሽሽት ቀድሞ የተመለሰው ጎረቤቱ አያ ወልደኢየሱስ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የማረሻ እርፍ ይጠርብ ነበር። አለነ ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳያደርስ ጠየቀው።

«አያ ወልደኢየሱስ፣ ማነው ማሳዬ ላይ ችካል የተከለ?»

«እኒያ የመንገድ ፈረንጆች ናቸዋ። ገበያ አስነግረዋል። ጣልያን ፈንጂ ቀብሮበታል፣ እስክናወጣው ማንም እንዳይገባ፣ ለራሳችሁ ብለን ነው ይላሉ።»

«ለራሳችሁ ብለን ነው አሉ?»

«አሉ።»

«ፈንጂውን ያየው ሰው አለ?»

«ያየው ቢኖር መች ተመልሶ ይነግረን ነበር?» አለ አያ ወልደኢየሱስ፣ እርፉን እያገላበጠ።

አለነ አልሳቀም። «ለራሳችሁ ብለን» የምትለዋን ቃል ሰምቷታል፤ የሞሌፌን አያት ያስወጣች ቃል ናት። በዚያ ላይ ክረምቱን ሙሉ እዚያ ማሳ ላይ የሞተ ከብት የለም፣ የሞተ ሰው የለም። መንደሩ ባዶ ስለነበረ የሚሞትም እንዳልነበረ አላሰበም። ፍርሃት አንዱን በር ሲዘጋ ሌላውን ይከፍታል፤ ችካሉን ስለፈራ ፈንጂውን መፍራት ተወ።

እሑድ ወታደሮቹ አይሠሩም። ክርስቲያኑም አይሠራም። ቅዳሴ ሲወጣ ሰዉ በደጀ ሰላም ለወግ ሲቀመጥ አለነ ተለይቶ ወደ ማሳው ሄደ። ሰንበት መሻሩ አሳቅቆታል፤ ሰኞ ግን ሽቦው ቢመጣስ?

ችካል መንቀል ለገበሬ ከባድ ሥራ አይደለም። ግራና ቀኝ ወዝወዝ ማድረግ፣ ከዚያ ወደ ላይ መሳብ ነው። ባዶ ጉድጓድ ትቶ መሄድ ግን ገበሬ አይሆንለትም፤ ጉድጓድ የበሬ እግር ይሰብራል። አለነ በሬ የለውም፤ እንዲኖረው ግን ያስባል። ስለዚህ ከመንገዱ ዳር ከተከመረው ፍልጥ ጠጠር ጋቢው ላይ ቋጥሮ ገባ። አንድ ችካል በነቀለ ቁጥር ጉድጓዱ ውስጥ አንድ ጠጠር ይከትና በተረከዙ ይጠቀጥቀዋል። እንደሚያርስ ሰው ቀጥ ብሎ ሄደ፣ ዳር ሲደርስ ዞሮ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ። ሲጨርስ ገመዱን ጠቀለለ፤ ችካሉን ከነገመዱ ገደል ሰደደው። ቤት ገብቶ ለታየች ማሳችን ነፃ ነው አላት። ለቤቱ ክዳን ሰንበሌጥ ያስፈልጋል፣ ከማሳው የተሻለ ሰንበሌጥ ደግሞ በአካባቢው የለም። እሷም ነገ አጭዳለሁ አለች።

ሰኞ ማለዳ አለነ ወደ ሥራው ወጣ። ሳጅኑ ከድንጋይ ፈላጮቹ ጥቂቱን መርጦ ከአስተርጓሚው ጋር ማኪናው ላይ አሳፈረ፣ አለነም አንዱ ነበር። ወዴት እንደሚሄዱ የጠየቀ የለም። ሞሌፌ ጠመዝማዛውን ቀስ አድርጎ ወረደ። ኩርባ ባለፉ ቁጥር አለነ እዚህ ይቆማል፣ እዚህ ይቆማል ሲል፣ ማኪናው ወርዶ ወርዶ መጨረሻው ኩርባ ላይ፣ ከገዛ ማሳው ፊት ቆመ።

አለነ ዝም ለማለት ቆረጠ። ማን እንደነቀለው ማንም አላየም። ሳጅኑ ቀጭን ብረትና አካፋ ይዞ ወረደ፤ ወደ ማሳው ሁለት እርምጃ ሄደና ቆመ። ሣሩን ከዳር እስከ ዳር ተመለከተ። ከዚያ ወደ ኋላው፣ በመጣበት በዚያው እግሩ፣ ቀስ ብሎ ተመለሰ። ፊቱ ደም አጥቷል። ብረቱን የያዘው እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። አለነ ያን ሰው ሲንቀጠቀጥ አይቶት አያውቅም። ገበያ የተነገረውን አዋጅ አላመነም፣ አያ ወልደኢየሱስን አላመነም፤ ፈንጂው እውነት መሆኑን ያመነው ያን እጅ ሲያይ ነው።

ከማሉዲን ወደ ሠራተኞቹ ዞረና፣ ሳጅኑ ችካሉን ማን ነቀለ ይላል አለ። ትልልቆቹ ፈንጂዎች ለማኪና የተቀበሩ ናቸው፣ ትንንሾቹ ግን ለሰው ናቸው፣ የአንድ እግር ክብደት ይበቃቸዋል ይላል አለ።

 ያን ጊዜ ከማሳው መሐል ሣሩ ሲነቃነቅ አለነ አየ። ንፋስ መሰለው። ጎንበስ ያለ ጀርባ ሆነ፣ ነጠላ ሆነ፣ ታየች ሆነች። ማጭድ ይዛ ታጭዳለች። በማሳው ግርጌ፣ በወንዙ በኩል ባለው ጥርጊያ ገብታ ኖሮ ማንም አላያትም።

ሊጠራት አፉን ከፈተና ዘጋው። ታየች ባሏ ሲጠራት አቤት ብላ የምትመጣ ሴት ናት፤ በስሟ ቢጠራት ሣሩን እየጣሰች ትመጣለች። ፈንጂ ነው ቢላት ትሮጣለች። ቁሚ ቢላት ምነው እያለች ወደ እሱ ትራመዳለች። አንድ እርምጃ እንኳ እንዳትነሳ የሚያደርጋት ቃል መፈለግ ነበረበት፤ የመጣለት ቃል ሰው ለሚስቱ የማይለው ነበር።

«ታየች! በንጉሥ አምላክ፣ ካለሽበት ንቅንቅ እንዳትይ!»

በንጉሥ አምላክ የተባለ ሰው ዳኛ ፊት እስኪቀርብ ካለበት አይነቃነቅም። እንዲህ የሚያስቆሙት ሌባን፣ ድንበር ገፊን፣ ደም ያለበትን ሰው ነው። ባል ሚስቱን በመንገድ ዳር፣ በፈረንጅ ፊት እንዲህ ሲያስቆም ማንም ሰምቶ አያውቅም። ታየች ቀና አለች። በአንድ እጇ ማጭድ፣ በሌላው ጭብጥ ሣር እንደያዘች ደረቀች።

«ምነው? ምን ሰረቅሁ?» አለች።

 ከማሉዲን ግን ነገሩ ገብቶታል። ወደ አለነ ተጠግቶ በሹክሹክታ፣ «ሌባ ለማገዶ ወሰደው ልበለው?» አለው።

ቢል ኖሮ አለነ ይድን ነበር። ግን በጉድጓዶቹ ውስጥ ያለውን ጠጠር የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው።

«እኔ ነኝ በለው» አለ። «ጉድጓዱን ሁሉ በመንገዱ ጠጠር ደፍኜዋለሁ በለው።»

ከማሉዲን ተረጎመ።  አለነ ጣሳውን ጠበቀ፤ ጉንጩ ከመመታቱ በፊት አቃጠለው። ሞሌፌም ከመሪው ላይ ሆኖ ይመለከት ነበር። ሳጅኑ ግን አልመታውም። ምን ዓይነት ጠጠር ብሎ ጠየቀ። አለነ ከክምሩ አንድ አንስቶ አሳየው፤ እንደ ብረት ያለ ግራጫ ነው፣ ከማሳው ጥቁር አፈር ጋር አይመሳሰልም። ሳጅኑ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ችካል የሚተከለው ከፈንጂው በመንገዱ በኩል፣ ክንድ ያህል ርቆ ነው አለ። ጠጠሩ ከተገኘ ፈንጂው ያለበት ይታወቃል ማለት ነው። ስለዚህ አንተ ጠጠሩን ታገኛለህ፣ እኔ ፈንጂውን አገኛለሁ አለው።

ሳጅኑ በደረቱ ተኛ። አለነ ከኋላው ተንበርክኮ ተከተለው። ሳጅኑ ቀጭኑን ብረት በሰያፍ እየወጋ ይሄዳል፤ አለነ እሑድ የሄደበትን ፈር በዓይኑ ይከተላል። ከመንገዱ ዳር ካለው ሾላ ትይዩ ጀመርሁ፣ እንደ እርሻ ቀጥ ብዬ ሄድሁ፣ እዚህ ላይ አንድ ነበረ ይላል፤ ከማሉዲን ከመንገዱ ሆኖ ይተረጉማል። ሣሩን በጣቱ ይከፍታል፤ ግራጫው ጠጠር ይገኛል፤ የገዛ ተረከዙ ምልክት ዙሪያውን ታትሞበታል። ሳጅኑ ከጠጠሩ ወዲያ ለምልክት ነጭ ጨርቅ ያነጥፍና ያልፋል።  አለነ ትናንት በዚያ ላይ ቆሞ ጠቅጥቆ ነበር።

ፀሐይዋ በረታች። የታየች እጅ ዛለ። ከማሉዲን ከመንገዱ ሆኖ፣ እመት ታየች ማጭዷን እንዳትጥል፣ ሣሩንም እንዳትጥል፣ ምንም እንዳይወድቅ ይላል ሳጅኑ ብሎ ጮኸላት።

«ፈንጂው እውነት ነው እንዴ?» አለች፣ ድምጿ ዝቅ ብሎ።

«እውነት ነው» አለ አለነ።

«ታዲያ ምነው ነፃ ነው አልኸኝ?»



ሊደርሱባት ሲቃረቡ ጠጠሩ ጠፋ። አለነ እዚህ መኖር አለበት ያለበት ቦታ ላይ ታየች ያጨደችውን ሣር ዘርግታዋለች። ሥሩ አይታይም። ሳጅኑ እጁን አንስቶ አስቆመው። ከዚያ ሁለቱም ጎን ለጎን ተኝተው ሣሩን ዘለላ በዘለላ ማንሳት ጀመሩ። የሳጅኑ ላብ በአፍንጫው ጫፍ እያለፈ ይንጠባጠባል። አለነ የሱን ትንፋሽ ይሰማል፤ ያ ሰው የሚተነፍሰው ልክ እንደ ራሱ ነው፣ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። መጨረሻ ላይ ግራጫው ጠጠር ብቅ አለ። ከታየች እግር አውራ ጣት እስከ ፈንጂው ያለው ርቀት ከማጭዷ እጀታ አይበልጥም።

አለነ እጁን ዘረጋላት። «የረገጥሁትን ብቻ እየረገጥሽ ነይ» አላት።

አልተነቃነቀችም።

«ነይ እንጂ።»

«በመጀመሪያ ፍታኝ» አለች። «በንጉሥ አምላክ ብለህ አስረኸኛል።»

ሳጅኑ ምን ትላለች ብሎ ወደ መንገዱ ጮኸ። ከማሉዲን ይህን እንዴት እንደሚተረጉም ግራ ገባው፤ የሕግ ጉዳይ ነው አለ። አለነ እዚያው እንደተንበረከከ፣ ላቡ ዓይኑ ውስጥ እየገባ፣ «ፈትቼሻለሁ» አላት። ያኔ እግሯን አነሳች። መቀነቱን ይዛ፣ የረገጠውን እየረገጠች፣ በነጩ ጨርቅ መሐል ተከትላው ወጣች። መንገዱ ላይ ሲደርሱ ማጭዷን ከእጇ ለማስለቀቅ ጣቶቿን አንድ በአንድ መፍታት ግድ ሆነ።

ሳጅኑ በማኪናው መርገጫ ላይ ተቀምጦ ፒፓውን ለመለኮስ ክብሪት ደጋግሞ ሰበረ። ችካሉን ለምን እንደነቀለ ይንገረኝ አለ። አለነ ከሞሌፌ የሰማውን አልተናገረም፤ ሞሌፌን ማስመታት አልፈለገም። መሬቴን የምትወስዱ መስሎኝ ነው ብቻ አለ።  ሳጅኑ የገዛ አያቱን ነገር ለከማሉዲን ነገረው። አያቱ ከሆላንዶቹ ወገን ነበሩ። እንግሊዝ አገሩን ሊገዛ ሲመጣ መሬታቸውን የሚለካ ሰው ላከ፣ አያቱም ችካሉን ነቅለው አነደዱት። ጦርነቱ ሲመጣ እንግሊዞች ቤታቸውን አቃጠሉ፤ የሳጅኑን እናት፣ በልጅነቷ፣ ከእህት ወንድሞቿ ጋር በሽቦ በታጠረ ሰፈር አስገቧት። ከእነሱ መካከል ከዚያ ሰፈር በሕይወት የወጣችው እሷ ብቻ ነበረች።

«አሁን የእነሱን ልብስ ለብሼ ችካል እተክላለሁ» አለ ሳጅኑ።

ሞሌፌ በማኪናው ኮፈን ሥር ጎንበስ ብሎ ነበር። ቀና ሳይል፣ በዝግታ፣ ለከማሉዲን አንድ ነገር ነገረው። ሳጅኑ ምን አለ ብሎ ጠየቀ። ከማሉዲን የማኪናው ውሃ ጎድሏል ይላል አለው። አለነ እውነተኛውን ቃል የሰማው ከዓመታት በኋላ፣ ጎንደር ለገበያ ወጥቶ ወደ ከማሉዲን ሱቅ ጎራ ባለ ጊዜ ነው። ሞሌፌ ያለው፣ «አያቱ የነቀሉት ችካል የቆመው በማን መሬት ላይ እንደነበር ጠይቅልኝ» ነበር።

«ምነው አልተረጎምህ?» አለው አለነ።

«ፈራሁ» አለ ከማሉዲን። «በዚያ ቀን ካንተ በቀር እውነት የተናገረ ሰው አልነበረም፣ አንተም የተናገርኸው ሚስትህ እዚያ ስለቆመች ነው።»

ያን ዕለትና በማግሥቱ ወታደሮቹ ፈንጂዎቹን አውጥተው ገደል ውስጥ አፈነዱ። ሳጅኑ ሲቆጥር ግን ከተከለው ችካል አንድ ጎደለው። አንድ ጠጠር አልተገኘም። በወንዙ በኩል ባለው ጥግ መሆን አለበት፤ ዝናብ ያወረደው ደለል ስለነበረ አፈሩ ልቅ ነው፣ ጠጠሩ ሰምጦ ይሆናል። በብረት ቢወጉ ቢወጉ አላገኙትም። ወደ ሌላ ቦታ እንዲሄዱም ትእዛዝ መጣ። ሳጅኑ ለአለነ መዶሻና ችካል ሰጠው፤ ጥጉን ዙሪያውን ራስህ ትከል አለው። ቅጣቱ ይኸው ብቻ ነበር። አለነ ሲተክል መዶሻው ችካሉን ሳይሆን የገዛ እጁን እየመታ አስቸገረው። ሞሌፌ ማኪናውን ሲያስነሳ ጦሩን በመስኮት አውጥቶ ነቀነቀለት፣ ጠመዝማዛውን ይዘው ወጡ። ከዚያ ወዲያ ያያቸው የለም።

አለነ በሬ ገዛ፣ ማሳውን አረሰ፣ ልጆች ወለደ። ሲያርስ ግን ከጥጉ ርቆ ነው በሬ የሚያዞረው፤ በየዓመቱ አንድ ፈር ይተዋል፣ ስለዚህ ጥጉ እየሰፋ ሄደ። ታየች ማሳው ውስጥ ዳግመኛ አልገባችም። ምሳ ስታመጣለት መንገዱ ላይ ቆማ ትጠራዋለች። ሰው ሲያስቃት፣ «እኔን ባሌ እንደ ሌባ በንጉሥ አምላክ ያቆመኝ ነኝ» ትላለች፤ ሳቋ ግን ቶሎ ይቆማል።

ብዙ ክረምት ካለፈ በኋላ አንድ ማለዳ ከጥጉ ታላቅ ድምፅ ተሰማ። ሰዉ ሲደርስ ጅብ ፈንጂው ላይ ወጥቶ ኖሯል፤ ሬሳው በሰንበሌጡ ላይ ተበትኗል። አያ ወልደኢየሱስ፣ ያን ጊዜ በጣም አርጅቶ ነበር፣ እንኳን ደስ ያለህ፣ ከእንግዲህ ችካልህን ነቅለህ እረሰው አለው።

«አንድ ብቻ ነበር ብሎ የነገረኝ ማነው?» አለ አለነ፣ የወደቁትንም ችካሎች መልሶ ተከላቸው።

በሸመገለ ጊዜ መሬት ለካኞች ወደ ድብ ባሕር መጡ። ገመድ ዘረጉ፣ ችካል ተከሉ። ጎረቤቶቹ ተሰብስበው አለነ ቤት ሄዱ። አያ አለነ ምራን፣ ችካል መንቀል ያንተ ሙያ ነው ብለው አሾፉበት። አለነ ግን ሳቅ አልነበረውም። ከዘራውን ይዞ ወደ ለካኞቹ አለቃ ሄደና ከዚህ ችካል ሥር ምን አለ ብሎ ጠየቀው። አለቃው አፈር ነዋ አለው። እስቲ አንተው ርገጠው አለው አለነ። አለቃው እየሳቀ የችካሉን ዙሪያ በጫማው ደበደበው። አለነ እያንዳንዱን እርግጫ፣ መተንፈስ አቁሞ፣ እስኪያበቃ ተመለከተ። ከዚያ ወደ ጎረቤቶቹ ተመለሰ።

«ቃላድ ነው እንጂ ፈንጂ አይደለም» አላቸው። «ንቀሉት።»

እሱ ግን ከነቃዮቹ ጋር አልገባም። ከተነቀለው ውስጥ ቀጥ ቀጥ ያለውን መርጦ ተሸክሞ ወደ ጥጉ ወሰደና ኖራ እየቀባ በበሰበሱት ፋንታ ይተክል ጀመር። ታየች መንገዱ ላይ ቆማ እግሩ የት እንደሚያርፍ ትጠብቅ ነበር።

«ወደ ኋላ በል» አለችው። «ትንሽ ወደ ኋላ።»